ወንድሜ፣ ፋርማሲስቷና ባለ ቦዩ ጨርቅ

ታላቅ ወንድሜ ሶፋ ሠሪ ነው። ሰፈሩ «ሞረድ» ይለዋል፤ ፊት ለፊት ደፍሮ የሚጠራው ግን አልነበረም። ስሙ የወጣለት በጢሙና በአንደበቱ ነው። ጢሙ እንደሆነ ጠዋት ተላጭቶ ከሰዓት በኋላ የስፖንጅ ፍርፋሪ ይይዛል። አንደበቱም ከጢሙ አይሻልም። ደንበኛ መጥቶ «ጋሼ፣ ሶፋዬ መቼ ያልቃል?» ሲለው «ሲያልቅ» ይላል። ሰዉ ግን እያማረረም ተመልሶ ይመጣል። እሱ ያለበሰው ሶፋ ልጅ ቢዘልበት፣ አማች ቢከርምበት፣ ድመት ቢሞክረው ንቅንቅ አይልማ።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። እሱ ይቆርጣል፣ ይወጥራል፣ ምስማር ይመታል፤ እኔ እሰፋለሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ የምንኖረውም የምንሠራውም አብረን ነው። ሁለታችንም ትዳር አልያዝንም። እኔስ እንኳ ለጥቂት ነው ያመለጥኩት። እሱን ግን ሃምሳን ካለፈ በኋላ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ተወው። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ትላለች አክስታችን የእሱ ትዳር ሲነሳ፤ ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ሰው ይዞራል።

ታዲያ ከሱቃችን ፊት ለፊት የነበረው ፎቶ ቤት ተዘጋና በቦታው መድኃኒት ቤት ተከፈተ። ባለቤቷ ፋርማሲስት ናት። አጠር ደልደል ያለች፣ መነጽሯን በሰንሰለት ደረቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። ባሏ ከሞተባት ቆይቷል፤ ልጆቿም የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል። ስትስቅ መጀመሪያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ይህን ያወቅኩት ሱቃችን በገባች በመጀመሪያው ቀን ነው።

«ደንበኞቼ ተራ የሚጠብቁበት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለኝ» አለች። «ጨርቅ እንዲያለብሱልኝ ነበር። መድኃኒት ሲፈስበት የማይጠጣ ጨርቅ ይኖርዎታል?»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ምስማር እየነቀለ ነበር። ቀና አላለም። «ያ ግራጫው አለ። ውሃ ዞር ብሎ አያየውም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

መርፌዬ አየር ላይ ቀረ። ወንድሜን «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የጠየቀ የመጨረሻው ደንበኛ ያላለቀ ሶፋውን ራሱ ተሸክሞ ነው የወጣው። እሷ ግን መልስ አልጠበቀችም። ከጋውኗ ኪስ ባዶ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ አወጣች፣ ከቧንቧችን ውሃ ሞላችበት፣ ግራጫውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና አንድ ጠብታ ጠብ አደረገችበት።

ጠብታዋ ሳትሰምጥ፣ ሳትነጠፍ፣ እንደ ዶቃ ድብልብል ብላ ጨርቁ ላይ ተቀመጠች። ፋርማሲስቷ ጎንበስ ብላ እፍ ስትልባት ተንከባለለችና ከጠረጴዛው ጫፍ ዘላ ወንድሜ ጫማ ላይ አረፈች።

«አላልኩም?» አለ ወንድሜ። ግን ቀና ብሎ ነበር ያለው።

«በዚህኛውስ?» አለችና ባለ ቦዩን ጨርቅ ሳበች። እንደታረሰ መሬት መስመር መስመር ያለው፣ ለቢሮ ወንበር የምንጠቀምበት ነው። ጠብታዋ እዚህ ላይ ድብልብል አላለችም። መስመሩን ይዛ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ረዘመች፤ ቦዩን ግን አልተሻገረችም። ጠብታ ሳትሆን የሩዝ ፍሬ መሰለች።

«አቤት! አጥሩን አልዘልም አለች!» አለች ፋርማሲስቷ፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ከዚያ ወንድሜ ይህን ያህል ዓመት አብሬው ስኖር አይቼበት የማላውቀውን ነገር አደረገ። መዶሻውን አስቀመጠ። ወደ መደርደሪያው ሄዶ ከላይ ያለውን ጥቅል አወረደ፤ ክሩ ወፈር ወፈር ያለ፣ ጎንና ቁመቱ እኩል የተሸመነ ጨርቅ ነው። «እስቲ እዚህ ላይ» አላት፣ በሹክሹክታ፣ የሚሰርቁ ይመስል።

ጠብ። ጠብታዋ በቁመቱ ክር ሮጠች፣ በአግድሙ ክር ሮጠች፣ በመካከል ያለውን ሞላችና ቆመች። ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን አየን።

«አራት ማዕዘን!» ብላ ጮኸች ፋርማሲስቷ። «እግዜር ያሳያችሁ፣ ጠብታው አራት ማዕዘን ሆነ!»

ወንድሜም ሳቀ። ሳቁ ለዘመናት ያልተከፈተ በር ሲከፈት እንደሚሰማው ድምፅ ነበር፤ መጀመሪያ ሲጥጥ አለ፣ ከዚያ ብርግድ። በር ላይ የቆሙ ባልና ሚስት ደንበኞች ነበሩ፤ ሶፋቸውን ሊጠይቁ መጥተው ሞረድ ሲስቅ ሲያዩ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ተመለሱ። የደነገጡ ይመስለኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ለየለት። ፋርማሲስቷ ከምሳ በኋላ ደንበኛ ሲቀዘቅዝላት ብልቃጧን ይዛ ትሻገራለች። ወንድሜ ደግሞ ለእሷ ጠብ እርግፍ ይላል። የከፋይ ቁራጭ ያዘጋጃል፣ ቆዳውን ከፊትም ከጀርባም ያስነካታል፣ ሸራውን ግማሹን ሰም ቀብቶ ግማሹን ይተውላታል። በሰሙ በኩል ጠብታዋ ስትንከባለል፣ በባዶው በኩል ስትሰምጥ፣ ሁለቱ ሕፃን ኳስ ሲያገኝ እንደሚሆነው ይሆናሉ። እሱ ልብሱን መቀየር ጀመረ። ጢሙን በቀን ሁለቴ ይላጫል። አንድ ቀን ጭራሽ ሽቶ ተቀብቶ መጣ፤ ማስነጠስ ይዞኝ ስፌቴን አበላሸሁ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ምን ሆንኩ? ሥራ ነው። የጨርቅ ጠባይ ማወቅ የሥራዬ አካል ነው።»

«ሽቶውም?»

«አንቺ ስፌትሽን ስፊ።»

አንድ ከሰዓት ፋርማሲስቷ የተወለወለ ቆዳና የተፋቀ ቆዳ ጎን ለጎን አስቀምጣ ስታንጠባጥብ ቆየችና እንዲህ አለችው፦ «ያየነውን ሁሉ ሳስበው ሸካራነት ጠባይ የሚያባብስ ነገር ነው። ውሃ የሚወድ ነገር ሲሻክር ይበልጥ ይወዳል፤ ልስልሱ ላይ ክብ ብላ የቆመችው ጠብታ ሸካራው ላይ ተዘርግታ ታልቃለች። ውሃ የሚጠላው ደግሞ ሲሻክር ይብስበታል፤ ጭራሽ አላስጠጋ ይላል።»

ወንድሜ አገጩን ዳሰሰ። «ሸካራ ሰውስ?»

«መጀመሪያ ምን እንደሚወድ ማወቅ ነው» አለች፣ ብልቃጧን እያየች።

እኔ በዚህ ጊዜ በጥርሴ የያዝኩትን ክር ዋጥኩት። በእውነት ነው የምላችሁ።

ግን ከዚህ ሁሉ መንጠባጠብ ጠብ የሚል ነገር አልተገኘም። እሱ «እርስዎ» ይላታል፣ እሷ «እርስዎ» ትለዋለች፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ «ደህና ያምሹ» ተባብለው ይለያያሉ። እኔ ስፌት ላይ ተጎንብሼ በውስጤ እየጮኽኩ ነበር። አክስታችን ጋ ደውዬ ስነግራት «ተይ እንጂ! የእኛው?» አለችና ስልኩን ጣለችው።

አግዳሚውም ወንበር አለቀ። ግራጫውን ትተው ባለ ቦዩን መረጡ፤ የመረጡት ሁለቱም ተስማምተው ነው። የሚፈሰው ነገር በጎን እየተሻገረ የሰው ልብስ እንዳይነካ ቦዩ አጥር ይሆናል ብለው ነው። ወንድሜ ጨርቁን በወንበሩ ርዝመት ዘርግቶ ያለ አንድ ስፌት ከጫፍ ጫፍ ወጠረው። ቦዩ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሳይቋረጥ ይሄዳል። እንዴት እንደሚያምር! በየቦታው ጠብታ አንጠባጥበው ሞከሩት፤ እያንዳንዷ ጠብታ ትንሽ ረዝማ ቆመች። ተጨባበጡ፣ እጅ ለእጅም ከሚገባው በላይ ቆዩ። አንድ ነገር ግን አልሞከሩም፤ ከጠብታ የበለጠ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እኔ የወገብ ፕላስተር ልገዛ መድኃኒት ቤት ገብቼ ቆሜያለሁ። ወንበሩ ሙሉ ነው። በግራ ጫፍ ጡረታ የወጡ መምህር ሳላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ የባንክ ዘበኛ፣ ከዚያ ጥርሷን ያመማት ሴት፣ በቀኝ ጫፍ ደግሞ ሙሽራ! አዎ፣ ነጭ ሱፍ የለበሰ፣ ኮቱ ላይ አበባ የሰካ ሙሽራ። ከደስታው ብዛት ራሱን ስለፈለጠው ወደ አዳራሹ ሲሄድ ለክኒን ጎራ ብሎ ነው። ሚዜው መኪናው ውስጥ ጥሩምባ ይነፋል።

መምህሩ የሳል ሽሮፓቸውን ተቀበሉ። «ቤት እስክደርስ አልታገሥም፣ እዚሁ ልቅመሳት» ብለው ክዳኑን ከፈቱ። ማንኪያቸውን ሲፈልጉ አስነጠሱ። ያ ማስነጠስ ማስነጠስ እንዳይመስላችሁ! ብልቃጡ ተገለበጠና ቀይ ሽሮፕ ከጀርባቸው ወንበሩ ላይ ተደፋ። እሳቸው መሐረብ ፍለጋ ላይ ስለነበሩ አላዩትም። እኔ ግን አየሁት።

ሽሮፑ አጥሩን አልዘለለም፤ እውነታቸውን ነበር። ቦዩን ይዞ ግን ሄደ። ወንበሩ ለካ ሙሽራው ወዳለበት፣ ወደ በሩ በኩል ትንሽ ዘንበል ይላል። ሽሮፑ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ቀጥ ብሎ በመምህሩ ሥር አለፈ፣ በዘበኛው ሥር አለፈ፣ ጥርሷን ባመማት ሴት ሥር አለፈ። እኔም አፌን ከፍቼ በዓይኔ እከተለዋለሁ። ሕመምተኛ በሕመሙ ተይዟል፤ ማን የመቀመጫውን ነገር ያስባል?

«ቀጣይ!» አለች ፋርማሲስቷ ከባንኮኒው ጀርባ።

ሙሽራው ብድግ አለ። ነጩ ሱሪ ላይ፣ ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀይ መስመር። ዘበኛው ሊያሳየው ሲነሳ እሱም አለው። ሴትየዋ በዘበኛው ልትስቅ ስትነሳ እሷም። መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው «ይህ ተላላፊ ነገር ነው?» አሉ።

ፋርማሲስቷ ከባንኮኒው ወጥታ አየች። ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሙሽራው ፊቱ አመድ ሲመስል ሳቋን ዋጠችና በሩጫ መንገዱን ተሻገረች። መኪና ቆመላት። እኔም ከኋላዋ።

«ሞረድ!» ብላ ጮኸች ሱቃችን በር ላይ። «ሞረድ! ቶሎ ና! ቦይህ ጉድ ሠራን!»

ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን ይዛ ቀረች። ሞረድ! ፊት ለፊት! በዚያ ላይ «ና»!

ወንድሜ መቀሱን እንደያዘ ወጣ። «ምን ሆንሽ?» አላት።

ሆንሽ! እኔ ግድግዳ ያዝኩ።

ከዚያ ያለው ሁሉ በጥድፊያ ነው የሆነው። ሙሽራውን ሱቃችን አስገብተን ሱሪውን አስወለቅነው። ወገቡ ላይ የሰው ሶፋ ሊሆን የተቆረጠ ቢጫ አበባ ያለበት ጨርቅ ጠመጠምንለት። ወንድሜ ሱሪውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ፤ ከሥሩ ውሃ የሚጠጣ ጥጥ አነጠፈ። ፋርማሲስቷ ለብ ያለ ውሃ በብልቃጧ ታንጠባጥባለች፣ እሱ በጨርቅ ይጫናል። ሽሮፕ ስኳር ነውና እየሟሟ ወደ ጥጡ ወረደ። ቀዩ መስመር ጠፋ! ሙሽራው አጨበጨበ። ጥቂት ቆይቶ ግን እርጥቡ ሲደርቅ ጠርዝ ጠርዙን ሮዝ ቀለበት ብቅ አለ።

«ወይኔ!» አለ ሙሽራው። «መስመሩ ይሻለኝ ነበር!»

ወንድሜና ፋርማሲስቷ ተያዩ። «ጠርዙ!» አሉ እኩል። ጠረጴዛችን ላይ ደጋግመው አይተውታል፤ ጠብታ ሲደርቅ ያዘለውን ቀለም ወደ ዳርቻው እየገፋ ነው የሚደርቀው።

«እንግዲህ ዳርቻውን ሰው ወደማያየው መውሰድ ነው» አላት። «ከስፌት እስከ ስፌት እናርጥበው። ጠርዙ እስፌቱ ውስጥ ይግባ።»

«አንተ! እንዴት አሰብከው!» ብላ ክንዱን መታችው።

የሱሪውን የኋላ ክፍል በሙሉ አረጠብን። ከፀጉር ሠሪዋ ማድረቂያ ተዋስን። ወንድሜ ተንበርክኮ ሱሪውን ወጥሮ ይይዛል፣ ፋርማሲስቷ ማድረቂያውን ታንቧቧለች፣ ሙሽራው በቢጫ አበባው መካከል ቆሞ ይጸልያል። ሚዜው ጥሩምባውን ይነፋል። በዚህ መካከል ሙሽራዋ ገባች። ሚዜው ደውሎ «ሙሽራው ሱሪ የለውም» ብሎ ነግሯት ነው፤ ምን እንደመሰላት አልጠየቅኋትም። ቬሏን ሰብስባ በር ላይ ቆመች፣ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ዛሬ የማገባው መጋረጃ ነው?» አለች።

ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እሷም ሳቀች፣ ለመቀመጥም አንዱ ሶፋ ላይ ዘጭ አለች። ሞላ ያልገባለት ሶፋ ስለነበር እስከ ብብቷ ሰመጠች። ከዚያ እሷን ለማውጣት ሌላ ግርግር። ስትወጣ ፀጉሯን እያስተካከለች ወንድሜንና ፋርማሲስቷን ተመለከተች፤ አንዱ ሱሪ ይዞ፣ አንዷ ማድረቂያ ይዛ፣ ግንባራቸው ሊነካካ ምንም ያልቀረው።

«ስታምሩ!» አለች። «ባልና ሚስት ናችሁ?»

«አይደለንም!» አለ ወንድሜ።

«ገና ነን» አለች ፋርማሲስቷ።

ወንድሜ ሱሪውን ለቀቀው። ሙሽራው ሱሪውን ከወለሉ ለቀመና ለበሰ። በሙቀቱ ተሰብስቦ ኖሮ ቁርጭምጭሚቱን አሳይቶ ቀረ፤ ካልሲው ብልጭ አለ። ሙሽራዋ «እንዲያውም አማረብህ» ብላ እጁን ያዘችና፣ ሁላችንንም አዳራሹ ጠርታን፣ እየተሳሳቁ ወጡ።

ወንድሜ ከተንበረከከበት አልተነሳም። ጉልበቱ ስለሚያመው ይሁን በሌላ ምክንያት አላውቅም።

«ገና ማለት ምን ማለት ነው?» አላት።

«ጠያቂ አልመጣም ማለት ነዋ።»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?»

«አለህ። መቼ ጠየቅኸኝ? ስንት ቀን ሙሉ ጨርቅ ነው የምታሳየኝ።»

እሱ ወደ እኔ ዞረ። እኔ እንዴት ልርዳው? በእጄ «በል! በል!» አልኩት።

«ታገቢኛለሽ?» አላት። ሞረዱ ወንድሜ፣ ድምፁ እንደ ከፋይ ሆኖ።

«አዎ» አለች፣ ቶሎ፣ ቃሉን ሳይጨርስ። ከዚያ እያለቀሰች ሳቀች፣ እሱም እየሳቀ ከወለሉ መነሳት አቃተው። ሁለታችን ግራና ቀኝ ይዘን አነሳነው። እኔ ደጅ ወጥቼ ለፀጉር ሠሪዋ ነገርኳት፤ የቀረውን እሷ ለሰፈሩ ነገረች። መምህሩ ቀይ መስመራቸውን እንደያዙ መጥተው «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲሉ ወንድሜ ሁለት ጉንጫቸውን ሳማቸው።

አዳራሹ ሄድን፣ ጨፈርን። የሙሽራውን አጭር ሱሪ ያዩ ጎረምሶች «የት አሰፋኸው?» እያሉ ሲጠይቁት ሰማሁ። በሳምንቱ ወንድሜ ያንን ባለ ቦይ ጨርቅ ከወንበሩ ገሽልጦ በልስልስ ቆዳ ቀየረው፤ ዘበኛውና ሴትየዋም ልብሳቸው በነጻ ታጠበላቸው። ብዙም ሳይቆይ ጋብቻቸውን አስመዘገቡ። አክስታችን ምስክር ሆና ስትፈርም «እስኪ ቁንጥጥ አድርጉኝ» ትላለች፣ ስንቆነጥጣት ትቆጣለች።

ወንድሜ ዕቃውን ጠቅልሎ እሷ ቤት ገባ። ሸኝቻቸው ስመለስ ቤቱ ጭር ብሎ ጠበቀኝ። ላዝን ነው ብዬ ተዘጋጅቼ፣ መሐረብም ይዤ ነበር። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ዙሪያውን አየሁ። «ድምፅ ቀንሺ» የሚለኝ የለም። ሰፊውን መኝታ ቤት የሚሻማኝ የለም። የስፖንጅ ብናኝ ትራሴ ላይ የለም። ሳይታወቀኝ ፈገግ አልኩ። ተነሥቼ ራዲዮኑን ከፈትኩ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው አዞርኩት፣ ጫማዬን አወለቅኩና ከሳሎን እስከ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት እስከ ሰፊው መኝታ ቤት፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ ጨፈርኩ። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ኮርኒሳቸውን በመጥረጊያ እንጨት ሲደበድቡ፣ ለእኔ የሚያጨበጭቡ መስሎኝ ጭራሽ ባሰብኝ።